በጽዳት ስም የተቀጠርን አዳማጮች

የአዳማጭነት ሥራ የጀመርኩት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት የሦስተኛ ክፍል ልጆቼን ማካፈል ሳስተምር አርፍጄ፣ የጠመኔው ዱቄት ከጣቶቼ ሳይለቅ ሐረር ፈረስ መጋላ ካለ አንድ የድሮ የህንድ ነጋዴ ቤት በር ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ አልነበረም። ዘበኛው አሥር አለቃ መንገሻ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«ሻምበልን። ለሥራ ተጠርቼ ነው።»

«የጽዳት ነሽ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«እኔ ጋ ያለው ትእዛዝ፣ ሴት ከመጣች ጽዳት ናት ነው የሚለው። ግቢ!»

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ጊዜው ላስረዳ። ከሱማሊያ ጋር የድንበሩ ጦርነት የተነሣበት ሰሞን ነበር። ከወዲያ ማዶ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ በሱማሊኛ፣ በዓረብኛና በአማርኛ ስለ እኛ ሲያወራ ይውላል። የእኛ ክፍል ሥራ ያንን ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ ወደ አማርኛ መመለስና ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። በራሳችን ሬዲዮ የሚነበበውን መልስ ማዘጋጀትም የእኛ ፋንታ ነበር። እኔን ያስጠራኝ ሱማሊኛዬ ነው። አባቴ ጅጅጋ ጉምሩክ ይሠራ ስለ ነበር፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ከልጆች ጋር ሱማሊኛ እየተናገርኩ አደግሁ።

የክፍሉ ኃላፊ ሻምበል ዓለማየሁ ቀጠን ያሉ፣ ሻይ ካልቀዘቀዘ የማይጠጡ ሰው ነበሩ። ወንበር ሰጡኝና ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሩኝ።

«ወይዘሪት ሮማን፣ የአዳማጭ መደብ የተፈቀደው ለወንድ ወታደር ነው። ወንዶቹ ግንባር ናቸው። ለሴት አዳማጭ መደብ ይፈቀድልኝ ብዬ ብጽፍ መልሱ የሚመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጽዳት ግን ዛሬውኑ መቅጠር እችላለሁ። ቅር ይልሻል?»

«መጥረግም አለብኝ?»

«አሥር አለቃ መንገሻ እንዳይከፋው አልፎ አልፎ መጥረጊያ ያዢ።»

እንዲህ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ «እጠርጋለሁ»።

የማዳመጫው ክፍል ፎቁ ላይ ነው። ሁለት የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫና አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለበት። የአንቴናው ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ጣሪያው ላይ ከቆመ የባሕር ዛፍ አጣና ጋር ታስሯል። ነፋስ ሲነሣ አጣናው ይወዛወዛል፤ ድምፁም አብሮት ይመጣል ይሄዳል።

ከአንደኛው ሬዲዮ ፊት አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠው ነበር። አይ መርየማ ይባላሉ። «አይ» በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ለትልቅ ሴት በአክብሮት ይሰጣል። በወጣትነታቸው ከነጋዴ ባላቸው ጋር ዔደን ኖረው ስለ ተመለሱ ዓረብኛቸው የሚያስቀና ነው። ሱማሊኛና ኦሮምኛ ደግሞ ገበያ ካለው ሱቃቸው ከደንበኞች የተማሩት ነው። እሳቸውም በወረቀት ጽዳት ነበሩ።

«አስተማሪዋ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አይ መርየማ።»

«እንግዲያው እዚህ ተማሪ ነሽ። አቦ ተቀመጪ፣ ዜናው ሊጀምር ነው።»

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነበር። ዓረብኛው የእሳቸው ብቻ ነው። ሱማሊኛውንና አማርኛውን ግን ሁለታችንም በየማዳመጫችን እንሰማለን። ስንጽፍ አንነጋገርም፤ አንዳችን የሌላችንን ወረቀት አናይም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጮክ ብለን እናነባለን። ሁለታችንም የጻፍነው ወደ ዘገባው ይገባል። አንዳችን ብቻ የሰማነው «በአንድ ጆሮ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። በደንብ ያልተሰማው ቦታ ባዶ ይተዋል።

በመጀመሪያው ቀን ባዶ ቦታ መተው አላስቻለኝም። አስተማሪ ነኝና የጎደለ ዐረፍተ ነገር ሳይ እጄ ይበላኛል። አይ መርየማ ወረቀቴን አይተው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ይሄን ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም። ግን እንዲህ ብሎ ነው መጨረስ ያለበት።»

«እሱ ያንቺ ዐረፍተ ነገር ነው። እኛ የምንጽፈው የእነሱን ነው።»

ከዚያ ወዲያ ባዶውን ባዶ አደረግሁት።

አንድ ቀን ያ ጣቢያ ሐረር ተቃጠለች አለ። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል በእሳት ጋየ፣ ሕዝቡም ሸሸ አለ። ሁለታችንም ጻፍን። ሲያልቅ አይ መርየማ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱና ወደ ፈረስ መጋላ አንገታቸውን አሰገጉ። ታች ሾፌሮች ለተሳፋሪ ይጣራሉ፤ አንዲት ሴት ከሎሚ ሻጭ ጋር ትከራከራለች።

«ተቃጥለናል እንዴ?» አሉ። «ጠረኑ እንኳን አልመጣም።»

ሻምበል ማስተባበያ እንድንጽፍ አዘዙን። አይ መርየማ ግን አልተዋጠላቸውም። «አልተቃጠልንም ብሎ የሚጮህ ሰው ትንሽ የተቃጠለ ይመስላል» አሉ። ተመካከርንና በሱማሊኛ የገበያ ወሬ ጻፍን። የድሬ ጠያራ ገበሬዎች ማሽላቸውን እንዳስገቡ፣ ፈላና በር ላይ ሽንኩርት እንደ ረከሰ፣ ከገበያው የተወደደው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ማን ልጁን እንደሚድር። ማታ በእኛ ሬዲዮ ተነበበ። ድንበር አቋርጠው የሚመጡ ነጋዴዎች የሽንኩርቱን ዋጋ ሰምተው እንደ መጡ በሳምንቱ ለአይ መርየማ ነገሯቸው። የገበያ ወሬ ከዚያ በኋላ ቋሚ ፕሮግራም ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣው ምስጋና «የክፍሉ መኮንኖች ላፈለቁት ሐሳብ» ይላል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት መኮንን ሻምበል ብቻ ናቸው። እሳቸውም አንብበው አፈሩና ከፈረስ መጋላ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝተው አመጡልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ቤታችን ከጁገል በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር አጠገብ ነው። በግንብ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ናቸው። ባላቸው በጣሊያን ጊዜ ጫካ ውስጥ ወድቀው ሲቀሩ ሥዩም ገና ጡት አልጣለም ነበር። እሱን ብቻ ይዘው ጠላ እየሸጡ አሳደጉት። ሥዩምና እኔ አንድ ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተምረናል። አድጎ ወታደር ሆነ፤ የሬዲዮ ኦፕሬተርነት ተማረ፤ ጦርነቱ ሲነሣ ከጦሩ ጋር ወረደ። ብዙ ሳይቆይ የነበረበት መኪና እንደ ተቃጠለና ማንም እንዳልተረፈ መርዶ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ አለቀሰ። እትዬ በላይነሽ ጥቁር ለበሱ።

ያ ጣቢያ ሐሙስ ሐሙስ በአማርኛ የተማረኩ ወታደሮችን ያናግር ነበር። ቅዳሜ ያንኑ ይደግመዋል። ምርኮኞቹ የተጻፈላቸውን ያነባሉ፤ በደንብ ተይዘናል፣ ጓዶቻችን እጃችሁን ስጡ ይላሉ። ይህን ፕሮግራም ማዳመጥ ከሥራው ሁሉ ይከብደኝ ነበር።

የሥዩም አርባ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ አንድ ድምፅ መጣ። «ወታደር ከፈለኝ እባላለሁ። ወጥ ቤት ነኝ» አለ። አነባበቡን አውቀዋለሁ። ሥዩም ሲያነብ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ላይ አየር ይውጥና፣ ቀጣዩን ቃል ከእንቅልፉ እንደ ባነነ ሰው ጮክ ብሎ ይናገራል። አስተማሪያችን በዚህ ይስቁበት ነበር። ይህ ሰውም እንደዚያው ዋጠና ጮክ አለ። እንደ ምንም ብዬ እስከ መጨረሻው ጻፍኩ።

አነበብን። የእኔና የአይ መርየማ ጽሑፍ ቃል በቃል ገጠመ።

«አይ መርየማ፣ ይሄ ሰው ከፈለኝ አይደለም» አልኳቸው።

«ማነው ታዲያ?»

«የጎረቤቴ ልጅ ነው። የሞተው።»

ማዳመጫቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! እናቱ ታውቃለች?»

«እሑድ አርባውን ሊያወጡ ጠላ ጠምቀዋል።»

ወደ ሻምበል ቢሮ ገባን። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። «ሥዩም ሥራው ምን ነበር?»

«የሬዲዮ ኦፕሬተር።»

ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ቀስ ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ኦፕሬተር የጦሩ መልእክት የሚመሰጠርበትን ቁልፍ በቃሉ ያውቃል። እነዚያ ማንነቱን ካወቁ አስገድደው ያወጡታል። ስለዚህ ኦፕሬተር ተማርኮ ከሆነ ቁልፉ በሙሉ መለወጥ አለበት፤ እስኪለወጥ ጦሩ እርስ በርሱ መነጋገር አይችልም። ልጁ ግን ስሙን ለውጦ ወጥ ቤት ነኝ ካለና ካመኑት፣ ቁልፉም እሱም ደኅና ናቸው።

«እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«አይ መርየማስ?»

«እኔ ልጁን አላውቀውም» አሉ። «በሁለት ጆሮ አልተሰማም። በአንድ ጆሮ ነው።»

ተናደድኩባቸው፤ እውነታቸውን መሆኑን ግን አውቃለሁ።

«ድምፁን ከእኔ ይበልጥ የምታውቅ ሴት አለች» አልኩ።

«እናቱን ነው የምትይኝ?» ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ወሬው ከአፏ ካመለጠ ነገ ገበያ ይገባል፤ ከነገ ወዲያ ከነጋዴ ጋር ድንበር ይሻገራል። ከፈለኝ የሚባል ወጥ ቤት እንደሌለ ያወቁ ዕለት ልጁ አለቀለት። ደግሞ እሱ ባይሆንስ? ሁለተኛ መርዶ ልናረዳት ነው? በዚያ ላይ የውጭ ሰው እዚህ ክፍል ለማስገባት ከአዲስ አበባ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

አይ መርየማ በበሩ ወደ ደረጃው አመለከቱ።

«ሻምበል፣ ይሄ ደረጃ በጣም ቆሽሿል።»

«ምኑ?»

«ደረጃው። እኔና ይቺ ልጅ ብቻችንን አልቻልነውም። ለቅዳሜ አንዲት ሴት ቢጨምሩልን?»

ሻምበል የቀዘቀዘውን ሻያቸውን አነሡ፤ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ለጽዳት ሰው ስቀጥር ማንንም አላስፈቅድም» አሉ በመጨረሻ። «ስትመጣ ግን መጀመሪያ እኔ አነጋግራታለሁ።»

ቅዳሜ እትዬ በላይነሽ ግቢ ስገባ ጎረቤት ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ወንዶቹ ዳስ ይጥላሉ። እትዬ በላይነሽን ወደ ጓዳ ጠራኋቸው።

«ለአንድ ጉዳይ ከእኔ ጋር እንዲመጡ ፈልጌ ነበር።»

«ዛሬ? ልጄ፣ ጠላው ገና አልተጠለለም እኮ!»

«ዛሬውኑ ነው። በጣም ባይከብድ አላስቸግርዎትም ነበር። ሌላ መናገር አልችልም።»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አንሥተው ወጡና ለሴቶቹ «ቅመም ጎድሎኛል፣ መጣሁ» አሏቸው። በመንገድ ላይ መጥረጊያ ሰጠኋቸው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለዘበኛው ነው።»

አሥር አለቃ መንገሻ ከእግር እስከ ራሳቸው ቃኛቸው። «ይቺ ደግሞ?»

«አዲስ ጽዳት ናቸው» አልኩ።

«ጥቁር ለብሳ?»

«ሐዘንተኛ አይጠርግም ያለህ ማነው?» አሉት እትዬ በላይነሽ።

አሥር አለቃ ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ። «ይቅርታ እናቴ። ይግቡ።»

ሻምበል በአክብሮት አስቀመጧቸው። «እዚህ የሚሰሙት ነገር ምንም ላይሆን ይችላል» አሏቸው። «ሆነም አልሆነም ከዚህ ክፍል አይወጣም። ይምሉልኛል?»

«ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ?»

«አዎ።»

«በልጄ ነፍስ እምላለሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ። ሻምበል ዐይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰበሩ።

እኔ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳይነገራቸው ለምኜ ነበር። መልሱን አስቀድመን ከነገርናቸው ፈተናው ፈተና አይሆንም። ሰው የተመኘውን ድምፅ በሬዲዮ ውስጥ መስማት አያቅተውም። ስለዚህ «የተለያዩ ሰዎች ይናገራሉ፤ የሚያውቁት ካለ ይንገሩን» ብቻ አልኳቸው። ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አስተካክዬ አደረግሁላቸው።

የመጀመሪያው ምርኮኛ ተናገረ። እትዬ በላይነሽ ምንም አላሉም። ሁለተኛው ተናገረ። «ምስኪን፣ የማን ልጅ ይሆን?» አሉ። ሦስተኛው ከፈለኝ ነበር።

እጃቸው ወደ ማዳመጫው ሄዶ ጆሯቸው ላይ ጫነው። እንዲያ እንደ ጫኑ እስኪጨርስ አልተንቀሳቀሱም።

«ብርድ መትቶታል» አሉ።

«ማንን?» አሉ ሻምበል።

«እንጥሉን በልጅነቱ አስቆርጬዋለሁ። ብርድ ሲመታው ድምፁ እንዲህ ይሻክራል። እዚያ ማር የሚሰጠው ሰው የለም?» ከዚያ እኔን አዩኝ። «ሮማን፣ ይሄ ሥዩም አይደለም እንዴ? ስሙን ለምን ለወጠ?»

«ለመትረፍ ነው» አሉ ሻምበል። «ኦፕሬተር መሆኑን ደብቋቸዋል። ወጥ ቤት ነኝ ብሏል።»

«ሥዩም? ወጥ ቤት?» ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባቸው። «እንቁላል መጥበስ አያውቅም እኮ! ወጥ ሥራ ቢሉትስ?»

«የሠራዊት ወጥ ቤት ከሆነ ማንም ልዩነቱን አያውቅም፣ እናቴ» አሉ ሻምበል። ያን ቀን ብቻ ነው ሻምበል ዓለማየሁ ዐይናቸውን ሲጠርጉ ያየኋቸው። አይ መርየማ እትዬ በላይነሽን አቅፈው፣ ድምፁ ወደ ታች እንዳይሰማ የራሳቸውን ሻሽ አፋቸው ላይ ያዙላቸው። «አልሐምዱሊላህ በይ። ቀስ ብለሽ። ቀስ ብለሽ አልቅሺ።»

ሲረጋጉ እሑድ ትዝ አለን። አርባው ቢቀር ሰፈሩ ለምን ይላል። እትዬ በላይነሽ ግን ቆረጡ። «በሕይወት ላለ ልጄ ፍትሐት አላስፈታም። በድሎት ይሁን በችግር ልጄ ቆሞ ይሄዳል። ሟርት ነው!»

«ቄሶቹ ስሙን ይጠራሉ?» አሉ አይ መርየማ።

«የክርስትና ስሙን ነው የሚጠሩት።» እትዬ በላይነሽ ይህን እንዳሉ አንድ ሐሳብ መጣላቸው።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ክርስቲያን ሲጠመቅ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ቄስ በጸሎት የሚጠራው ያንን ነው። ጎረቤት የሚያውቀው የቤቱን ስም ነው፤ የክርስትናውን ከቤተ ሰብና ከንስሐ አባት ሌላ የሚያውቀው እምብዛም ነው።

«አባቱ ጫካ ሲወድቅ አርባ አላወጣሁለትም» አሉ እትዬ በላይነሽ ቀስ ብለው። «ጣሊያን ነበረ። ሰው መሰብሰብ አይቻልም። የጠመቅሁት ጠላ የእሱ ይሁን።»

እሑድ ዳሱ ሞላ። እኔም ንፍሮ አዞርኩ። እትዬ በላይነሽ ጠዋት ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው የሚጠራውን ስም ነግረዋቸው ነበር። ካህኑ የንስሐ ልጆቻቸውን ስም አይረሱም። «ይሄ የባልሽ ስም አይደለም ወይ?» አሏቸው አሉ። «አዎን አባ፣ የእሱ ነው» ብለው መለሱ። ካህኑ ተጨማሪ አልጠየቁም። በጸሎቱ ላይ ስሙን ጠሩት፤ ሰዉም «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የተጸለየለት ማን እንደ ሆነ የምናውቀው ካህኑ፣ እትዬ በላይነሽና እኔ ነበርን። እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ያን ለቅሶ ያየ ማንም ሰው አልተጠራጠረም።

ሰኞ ዕለት ሻምበል ዘገባውን ላኩ። ቁልፉ መለወጥ እንደማያስፈልገው ጽፈው ከሥሩ «በሦስት አዳማጮች የተረጋገጠ» አሉ። እትዬ በላይነሽን ትተው ሁለት ብለው መጻፍ ይችሉ ነበር። ለእትዬ በላይነሽ ሲነበብላቸው «ሦስተኛዋ እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መጥረጊያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አሥር አለቃ መንገሻ ገና ከሩቅ ሲያያቸው በሩን ይከፍታል። አንዳንድ ሐሙስ ከፈለኝ ይናገራል፤ አንዳንድ ሐሙስ አይናገርም። ባልተናገረ ቀን አይ መርየማ ቅመም የበዛበት ሻይ እያጠጡ እስኪመሽ ያጫውቷቸዋል። ጥቁሩን ልብስ አላወለቁም። ደረጃውን ደግሞ በእውነት ይጠርጉት ነበር፤ እንደዚያ የጸዳበት ጊዜ የለም።

ተኩስ ቆመ፤ የምርኮኞች ልውውጥ ተደረገ። ሥዩም አንድ ከሰዓት በኋላ ከስቶ፣ ሻንጣ እንኳ ሳይኖረው በፈላና በር ገባ። ያየው የመጀመሪያው ሰው ጎረቤታችን ጋሽ ይልማ ናቸው። አማትበው ግንቡን ተደገፉ።

«አንተ ልጅ! አርባህን በልተናል እኮ!»

«ጠላው እንዴት ነበር?» አለ ሥዩም።

እናቱ መጀመሪያ የተመለከቱት ጉሮሮውን ነው። ማር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በኋላ ሲያጫውተን ወጥ እንዲሠራ ሁለት ጊዜ እንዳዘዙት፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዳሳረረውና ከዚያ ወዲያ እንጨት ብቻ እንዳስፈለጡት ነገረን።

ጦርነቱ ሲያበቃ ለክፍሉ የምስጋና ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሥልጣን «ጀግኖች ወንድሞቻችን ቀን ከሌት ጠላትን አዳመጡ» ብለው ተናገሩ። በደሞዝ መዝገቡ ላይ ከሻምበል ሌላ የሠራዊት አባል አሥር አለቃ መንገሻ ብቻ ስለ ነበር፣ ከሻምበል ቀጥሎ ሁለተኛው የሽልማት ሪባን ለእሱ ተሰጠ። ሻምበል ሊናገሩ ብድግ ሲሉ ጭብጨባው ዋጣቸው።

አሥር አለቃ ሪባኑ ደረቱ ላይ እንደ ተሰካ ፎቅ ወጣ። ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «እኔ ምን ሠራሁ? በር ነው የከፈትኩት!» አለ።

«አቦ አታሳንሰው» አሉት አይ መርየማ። «ለማታውቃት ሴት በር ከፍተህላታል። እሱ ቀላል ሥራ መሰለህ?»

እኛ ጽዳቶቹ በወሩ መጨረሻ ተሰናበትን። አይ መርየማ ወደ ሱቃቸው፣ እኔ ወደ ሙሉ ቀን ማስተማሬ ተመለስን። ሻምበል ለሁለታችን መደብ እንዲፈቀድ እስኪዛወሩ ድረስ መጻፋቸውን አላቆሙም። መልስ አልመጣም።

ይህን ለመጻፍ ሳስብ ወደ እትዬ በላይነሽ ሄጄ የሠሩትን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን ሠራሁ? ጠረግሁ እንጂ» አሉኝ። ሌላ ቀን ሄጄ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ያን ጊዜ ይከትፉት የነበረውን ሽንኩርት አስቀምጠው እጃቸውን ጠራረጉ።

«አርባው አልከበደኝም» አሉ። «ለአባቱ ነው ያለቀስኩት፤ እውነተኛ ለቅሶ ነው። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰው እየመጣ ያጽናናኛል። ልጆቿ የሞቱባት ሴት ሳትቀር መጥታ ታጽናናኛለች። ልጄ እንዳለ እያወቅሁ የእሷን ማጽናናት እቀበላለሁ። ዝም አልኩ። አንድ ቃል ብናገር ይገድሉታልና ዝም አልኩ። ከሥራ ከተቆጠረ የሠራሁት እሱ ነው።»

ከሥራ ይቆጠራል። ታሪክ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ በየሰፈራችሁ በጦርነት ጊዜ የኖሩ ሴቶች አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራሁም ይሏችኋል። በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።